ጥርሱን ሳይነክስ

ካርዱ ጸጉሩ ውስጥ ነበር።

ድምቢጥ በማበጠሪያ ጫፍ ጸጉሩን ከፈል፣ ጄል ጠብ፣ ኤሌክትሮድ የሚባለውን ሽቦ ልጥፍ እያደረገች ከጆሮው ጀርባ ስትደርስ ጣቷ ነካው። ከጥፍር የማይበልጥ የማስታወሻ ካርድ ነው። ነቅላ የጄሉ ብልቃጥ ውስጥ አሰመጠችው።

«ቀዘቀዘህ?» አለች፣ ለማታውቀው ሰው እንደምትናገር።

«ኧረ ምንም አይል፣ እህቴ» አለ ሾፌሩ።

እህቴ! የገዛ ባሏ ነው።

ማዕከሉ ውስጥ ግን እሷ የአንጎል ሞገድ የምትለካ ባለሙያ፣ እሱ የዋናዋ ዶክተር ሾፌር ናቸው፤ አይተዋወቁም። የላካቸው አለቃ «አጎት» ይባላል። እሷን ድምቢጥ፣ ባሏን በሚዋጋው ጸጉሩ የተነሳ ጃርት ያላቸውም እሱ ነው። የማዕከሉ ዘዴ ቀላል ነው። ለሰው ፎቶ ታሳየዋለህ፤ የሚያውቀው ነገር ሲመጣ አፉ ቢዋሽም አንጎሉ ላይ ሞገድ ብድግ ይላል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ ብቅሉንም ማሽን ተካው። ባልና ሚስቱ የመጡት ይህ ዘዴ ለየእስር ቤቱ ከመሸጡ በፊት ምስጢሩን ሊሰርቁ ነው።

አሁን ግን ሰላይ ገብቷል ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ በተራ እየተመረመረ ነው። ዛሬ የጃርት ተራ ነው። ከፎቶዎቹ መሃል ማዕከሉ የሚጠረጥረው የአጎት ፊት አለ። ሞገዱ ብድግ ካለ ጃርት ከዚህ ሕንፃ በእግሩ አይወጣም።

መላው ተዘይዷል። ጥርስ መንከስ። መንጋጋ ሲጠብቅ የጡንቻው ረብሻ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሞገድ መስመር ያጨማልቀዋል፤ ሞገዱም ከሥሩ ይደበቃል። ያስተማረችው እሷ ናት። «ፈርቶ ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል» ብላ የምታሳልፈውም እሷ ናት።

ድምቢጥ ግን አጎት የማያውቀው አንድ ፎቶ ጨምራለች።

ቅናት ነው ያስጨመራት። ባልሽ በየጠዋቱ ለሌላ ሴት የመኪና በር ሲከፍት፣ ጃንጥላ ሲይዝ፣ ሴትየዋም «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» እያለች ትከሻውን ስትነካው ቆሞ ማየት! ሌላዋ ሚስት ብትሆን ማታ ሰሃን እያንኳኳች ይወጣላት ነበር። ድምቢጥ ከባሏ ጋር የምትገባበት ቤት እንኳ የላትም። አንጀቷ እያረረ ፈገግ ትላለች። አንድ ቀን ዶክተሯ መነጽር አምጪልኝ ብላ ሕንፃው አናት ላይ ወዳለው መኝታ ክፍሏ ስትልካት ክፍሉን በስልኳ አነሳችው። ሾፌር እዚያ ድረስ የሚያስኬደው ጉዳይ የለም።

ብቻ ልወቅ፣ አለች በሆዷ።

«ጀምሪ» አለ የጥበቃ ኃላፊው። ከተቀመጠበት ስለማይነቃነቅ ሠራተኛው በሐሜት «ጉልቻ» ይለዋል። መስመሩን ማንበብ አይችልም፤ አንብባ የምትነግረው እሷ ናት።

ፎቶዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። የማይታወቅ ሽማግሌ። ድልድይ። የማትታወቅ ልጅ። መስመሩ ጸጥ ብሏል።

መኝታ ክፍሉ።

ሞገዱ ብድግ አለ።

ጥርት ያለ ሞገድ ነበር። ጃርት ጥርሱን አልነከሰም፤ ይህ ፎቶ ይመጣል ብሎ አልጠበቀማ።

ደሟ ፈላ። ሞገዱ ማወቅን እንጂ መውደድን እንደማያሳይ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ለስንቱ አዲስ ሠራተኛ አስተምራለች። ያ ሁሉ ትምህርት የት እንደገባ እንጃ። አሁን የሚታያት አልጋው ብቻ ነው፤ አልጋው ላይም ሁለቱ።

የአጎት ፊት መጣ።

መስመሩ ተጨማለቀ። ጃርት እንደተማረው ነክሷል።

«ይሄ ምንድነው?» አለ ጉልቻ።

ዓይኗን ከመስመሩ አልነቀለችም።

«አንቺን እኮ ነው! ምንድነው?»

«ጥርሱን ነክሶ ነው» አለች። «አፉን ከፍቶ ይደገም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጃርት ዓይኑን አንስቶ አያት። አልተቆጣም። ምን አጠፋሁ የሚል ሰው ፊት ነበር።

«ክፈት!» አለ ጉልቻ።

ከፈተ።

ሞገዱ ብድግ አለ።

«ያውቀዋል» አለች ድምቢጥ።

ሁለት ጠባቂዎች ሽቦው ከነጸጉሩ እስኪነቀል ጎትተው አወጡት። ስሟን አልጠራም። እሷ የመኝታ ክፍሉን ፎቶ ከማሽኑ አጠፋችና ጄል አልቋል ብላ ብልቃጧን ይዛ ወጣች። በር ላይ ቦርሳዋን በረበሩ። ብልቃጡን ከፍተው አሸተቱና መለሱላት።

አጎት መነጽር ቤት ውስጥ ፍሬም እየሞከረ ጠበቃት።

«እሱስ?» አለ፣ ካርዱን ከተቀበለ በኋላ።

«ተያዘ።»

መነጽሩን አወለቀ። «ማሽኑ?»

«ማሽኑ።»

«እንግዲያው ዶክተሯን ዛሬውኑ ማስወጣት አለብኝ።»

«ዶክተሯን?»

«የኛ ናት። ካርዱ ላይ ያለውን ፋይል የሰጠችው እሷ ናት፤ ያግባባት ባልሽ። ክፍሏ ድረስ የምልከው እኔ ነበርኩ። ላንቺ እንዳይነግርሽ የከለከልኩትም እኔ ነኝ፤ አንቺም አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥሽ አይቀርም ብዬ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባለፈው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ይቺ ሴት በቅናት ልትሞት ነው፣ ልንገራትና ትረፍ አለኝ። እንቢ አልኩት።»

ድምቢጥ እኔ ነኝ ያስያዝኩት ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ገጠመችው።

አጎት አዲስ መታወቂያ በእጇ አስያዛት። «አማትሽ ጋ ዝር እንዳትዪ። ከዛሬ ጀምሮ የማንም ሚስት፣ የማንም ምራት አይደለሽም።»

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ ፎቅ ሥር ባለች ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሞገድ ትለካለች። ስሟን የሚጠይቃት የለም፤ «ሲስተር» ነው የሚሏት። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ባሏን ይዛ መጣች። ስክሪኑን ስታይ ቆየችና በክርኗ ጎሰም አደረገቻት።

«ሲስተርዬ፣ ሌላ ሴት የሚያስብ እንደሆነ እዚህ ላይ ይታያል?»

ባልየው ከነሽቦው ሳቀ።

«አይታይም፣ እናቴ» አለች።

«ምነው ቢታይ ኖሮ!» ሴትየዋም ሳቀች።

እሷ ከባልየው ጀርባ ዞራ ቆመችና ጄሉን ከጸጉሩ ላይ በፎጣ መጥረግ ጀመረች።