ለሁለት ሰው የተሠራው ቱቦ

«ይዤዋለሁ፤ ምቺው» አለች ሬዲዮ፣ ዓይኗን ጭፍን አድርጋ።

ብሎን መታች። ዘንጉ ቱቦው ውስጥ እስከ ግማሽ ገባና ሬዲዮን ከነቱቦዋ ወደ ጎን አንገዳገዳት። እሳት የሚባል ነገር የለም።

«ዓይኑን ጨፍኖ እሳት የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አለች ብሎን።

ጓደኛዋ ሬዲዮ የተባለችው አፏ ስለማያርፍ ነው። ብሎን ደግሞ አጭር ሆና አንዴ የያዘችውን ስለማትለቅ፤ ስሙን ያወጣላት ወንድሟ ነው። የብሎን አባት የብረት ሥራ ቤት አለው፣ እሷና ወንድሟ ያደጉት ብረት እያሽከረከረ በሚቀርጸው በቶርኖው ድምፅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንድ የሚያህል የመዳብ ቱቦ አለ፣ አንዱ ጫፉ የተደፈነ። ውስጡ ልክክ ብሎ የሚገባ ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ግራሶ የተቀባ የጎማ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ፊት ደግሞ ትንሽ ጉድጓድ። ጉድጓዷ የከሰለ የጥጥ ጨርቅ ትጎርሳለች። ዘንጉን በአንድ ምት ከሰደዱት፣ መውጫ ያጣው አየር ተጨምቆ ይግልና ጨርቁ ይያያዛል። ክብሪት የለ፣ ላይተር የለ። ምቱ ቀስ ካለ ግን ልፋት ብቻ ነው።

ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ብሎንና ወንድሟ ሁለት ወር ለፉበት። እሱ ይመታል፣ እሷ ትይዛለች። ከዚያ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ የመንገድ ሥራ ተቀጠረ። መኪናው ላይ ሲወጣ እየሳቀ «ያለእኔ እንዳትለኩሺው» አላት። እሱ ቀለደ፤ እሷ ግን የምር ይዛው ቀረች። በሚቀጥለው ወር እመጣለሁ አለ፣ አልመጣም። ከዚያም ለትምህርት ቤቷ የተፈጥሮ ክበብ ጉዞ አልቀርም አለ። እሷም ለክበቡ በሙሉ «እኔና ወንድሜ ያለ ክብሪት እሳት እናነድላችኋለን» ብላ አፏን ሞልታ ተናገረች። ጉዞው ነገ ነው። ትናንት ደወለና አለቃው ፈቃድ እንደከለከለው ነገራት።

«ስሚ» አለች ሬዲዮ፣ ጉልበቷን እያራገፈች። «ላይተር እጅጌሽ ውስጥ ትደብቂያለሽ። አጎንበስ ብለሽ ቸስ፣ አለቀ። ማን ያውቅብሻል?» ከኪሷ ላይተር አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ትታላት ሄደች።

ብሎን ብቻዋን ሞከረች። ተንበርክካ ቱቦውን መሬት ላይ አቁማ ዘንጉን ስትስበው ከአገጯ በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ከፍታ ክንዷ ጉልበት የለውም። እውነቱን ለመናገር የቱቦው እምቢ ማለት ደስ ይላት ነበር። እስካልሠራ ድረስ የጎደለው ወንድሟ ነው፣ ስለዚህ መምጣት አለበት።

አባቷ ቶርኖውን አጠፋና አጠገቧ መጥቶ ቱቦውን በእጁ መዘነው።

«ይሄ ላንቺ ክንድ ይረዝማል። አራት ጣት ቢያጥር ብቻሽን ትመቺዋለሽ።»

«እሱ ሲመጣስ?»

«ለእሱ ሌላ እንሠራለን።»

«አባዬ፣ በጣም ናፈቀኝ።»

አባቷ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «እኔስ? ጠዋት ጠዋት ሁለት ሽርጥ አነሳና አንዱን መልሼ እሰቅላለሁ።»

ብሎን ቱቦውን ዘረጋችለት። «እሺ፣ ቁረጥልኝ።»

«የቤቱን ሕግ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። እዚያ ቤት ጭረቱን ያሰመረ ራሱ ይቆርጣል። አባቷ አንድ ጊዜ ሌላ ሰው ባሰመረው ቆርጦ ሙሉ የወፍጮ ዘንግ ካበላሸ ወዲህ የሌላ ሰው ጭረት አይቆርጥም፣ የልጁንም ቢሆን።

ቱቦውን ብረት ጨምድዶ በሚይዘው ሞርሳ ላይ አሰረችና ሹል ሚስማር አነሳች። ታቹ የተደፈነ ስለሆነ የሚቆረጠው ከአፉ በኩል ነው። የአፉን ዳር ወንድሟ «እጅሽን እንዳይቆርጥሽ» እያለ ቀኑን ሙሉ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልሰው ነበር የዋለው። አውራ ጣቷን ዳሩ ላይ አዞረችው። አሁንም ለስላሳ ነው። ሚስማሩን ሦስት ጊዜ አስጠግታ ሦስት ጊዜ መለሰችው። አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት ያለቀለትን ሥራ እንደ አዲስ ይወለውላል።

በአራተኛው አሰመረች።

ሴጌቶው፣ የብረት መጋዙ፣ መዳቡን ሲበላ ጥርሷን ነከሰች። ቁራጩ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ተንከባለለ፤ አንስታ ኪሷ ከተተችው። ዘንጉም ካላጠረ ታች ደርሶ ጨርቁን ይጨፈልቀዋል፤ ስለዚህ መያዣውን ፈታ ያንኑ ያህል ቆረጠችለትና መልሳ ገጠመችው። አዲሱ አፍ ምላጭ ሆኖ ነበር። ሞረደችው፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸችው፣ አውራ ጣቷ ምንም ሳይዘው እስኪዞር ድረስ አልተወችውም።

ተንበርክካ ቱቦውን መሬት ላይ አቁማ መታች። ምንም። ደገመች። ምንም። ቀለበቱን ግራሶ ጨመረችለትና እንደገና፣ ከትከሻዋ፣ መታች። ዘንጉን ፈጥና መዘዘችው። ጨርቁ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ አለች። እፍ ስትላት ሰፋች።

«ያዘ» አለች፣ ወደ ግራ ዞር ብላ። ወንድሟ ሁሌ የሚቆመው በዚያ በኩል ነበር። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ከእራት በፊት ወደ ሥራ ቤቱ ተመልሳ ለወንድሟ ደወለችለት።

«ቱቦውን ቆረጥኩት።»

ከኋላው የከባድ መኪና ድምፅ ይሰማል። «ምን ያህል?»

«አራት ጣት።»

«ከአፉ?»

«ከአፉ።»

«ዳሩንስ? እጅሽን እንዳይቆርጥሽ።»

«ሞርጄዋለሁ።»

«ሠራ?»

«ሠራ።»

«ማን ያዘልሽ?»

«ማንም።»

የመኪናው ድምፅ እየራቀ ሄደ። ከሰው ፈቀቅ ያለ መሰላት።

«እስቲ አንዴ ምቺው» አለ ድምፁ ቀጥኖ። «ልስማው።»

የሬዲዮን ላይተር ነገ ልትመልስላት ቦርሳዋ ውስጥ ጣለችው። ስልኩን ሞርሳው አጠገብ አስቀምጣ ዘንጉን አዲስ ጨርቅ አጎረሰችና ቱቦውን በግራ እጇ ያዘች።