የሣህሉ ቀይ ጨርቅ

ሣህሉ የሞተው በሁለት የባቡር ፉርጎዎች መካከል ተጨፍልቆ ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ የድሬዳዋ ፀሐይ ሰውን ከሐዲድ ጋር አብራ የምታግልበት ሰዓት። ኢንስፔክተር ተሻለች ደርሳ ስትጎነበስ የሟቹ እጆች እስከ ክርናቸው በቅባት ጠቁረዋል፤ ከኋላ ኪሱ የታጠፈ ቀይ ጨርቅ ብቅ ብሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ የጣቢያው ኃላፊ ኒቆዲሞስ። «የፍሬን ሠራተኛ ፉርጎ መሃል ከመግባቱ በፊት ነጂው መስኮት ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰቅላል። ጨርቁ እስካለ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። የሚያወርደውም የሰቀለው ሰው ብቻ ነው። ሣህሉ ሳይሰቅል ገባ፤ ጨርቁ ይኸው ኪሱ ውስጥ።»

ሙቀቱም ድካሙም ተባብረውባት ተሻለች ማስታወሻዋ ላይ «የራሱ ቸልተኝነት» ብላ ጻፈች። ሃያ ዓመት ሙሉ በምርመራ የኖረች ሴት የሌላውን ቃል እንዲህ ዝም ብላ መገልበጧ ነው የሚያሳፍረው።

የጣቢያው በር ላይ የሟቹ ልጅ ዲና ጠበቀቻት። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በሥራ ልብሷ ነው የመጣችው፤ አላለቀሰችም።

«ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ተሻለች ነገረቻት።

«አባቴ ለሰው ሁሉ ሲያስተምር የኖረውን ረስቶ ሞተ ልትሉ ነው? ጨርቁን ከቀፊራ ገበያ የገዛው ራሱ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ቢቀደድበት። በታጠበ ቁጥር ቀለሙ እየለቀቀ ልብሳችንን ሁሉ አቅልቶታል። ሳይሰቅል አይገባም። ሞቱ ሳያንስ ስሙንም አትግደሉብኝ።»

ተሻለች ጆሮዋ ድረስ ጋላት። ወደ ሬሳው ተመልሳ ጨርቁን አውጥታ ዘረጋችው። አንድም የቅባት ጣት አላረፈበትም።

ነጂውን አለምብርሃንን ሠራተኞች በሚያርፉበት ክፍል አገኘችው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ዓይኑ ደም የለበሰ ሰው ነው። የሸሚዙን ቁልፍ እስከ ጉሮሮው ቆልፏል።

«በዚህ ሙቀት ምን ነካህ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በድሬ?»

ኮሌታውን በእጁ ጨበጠ። «ከጠረፉ ጣቢያ ከደወሌ ከተነሣን አሥራ ስምንት ሰዓት ሆኖን ነበር» አለ። «እዚህ ስንቆም እንቅልፍ ጣለኝ። በሬዲዮ ‹ትንሽ ወደፊት ሳብ› ሲሉኝ ባንኜ ነቃሁ። መስኮቱ ላይ ምንም አልነበረም። ሳብኩ።»

ረዳቱ ቦና ግድግዳ ተደግፎ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ ቆሟል።

«አቦ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሮጬ ስደርስ ሞቷል። ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ።»

ተሻለች ባቡሩ ላይ ወጣች። ከነጂው ወንበር አጠገብ ሊያልቅ የተቃረበ የውሃ ጀሪካን ነበር፤ መያዣው ላይ በቅባት የጠቆሩ ጣቶች ታትመዋል። ወርዳ ኒቆዲሞስን ጠየቀችው።

«ሣህሉ ሥራ ሲጨርስ ምን ያደርግ ነበር?»

«መጀመሪያ እጁን በኦሞ ይታጠባል። ጨርቁን የሚያወርደው ከዚያ በኋላ ነው። በቅባት እጅ አይነካውም፤ ሁላችንም እንስቅበት ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ተሻለች ሦስቱን ሰዎች ከዲና ጋር ማረፊያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አለምብርሃን፣ ኮሌታህን ክፈተው።»

ከፈተው። አንገቱ ዙሪያውን በቀይ ቀለም ተለውሷል።

«ይህ የሣህሉ ጨርቅ ቀለም ነው። ጨርቁ ትናንት ርሶ አንገትህ ላይ አርፏል። ስለዚህ ከሣህሉ ኪስ ወጥቶ ነበር፤ የወጣውም ሊሰቀል ነው። ኪሱ የመለሰው ደግሞ እሱ አይደለም፤ እጁ ጠቁሮ ጨርቁ ንጹሕ ነው። ጀሪካኑን ያመጣው ግን በዚያው በጠቆረ እጁ ነው። ሥራውን አልጨረሰም ነበር፤ ውሃ አቀብሎ ተመልሶ ገባ። አለምብርሃን ተኝቷል። ታዲያ ውሃውን ማን ተቀበለው? ሬሳው ጋ ቀድሞ የደረሰው ማን ነው? ቦና፣ እጅህን አውጣ።»

ቦና እጁን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጥፍሮቹ ሥር ቀይ ነበር።

«አለምብርሃን ተኝቶ ሳለ ፀሐይ ፊቱን ስትጠብሰው አሳዘነኝ» አለ። «ሣህሉን ከነጀሪካኑ ሳየው የጨረሰ መሰለኝ። ጨርቁን አውርጄ አርሼ አንገቱ ላይ ጣል አደረግሁለት። ያራስኩበት ውሃ… እሱ ያመጣልን ነው። ወደ ሣህሉ ስሮጥ ጨርቁን ካንገቱ ላይ አንሥቼ ነበር፤ ሞቶ ሳገኘው ኪሱ ከተትኩት። ፈራሁ። ልጅ አለው፣ ስም አለው አላልኩም።»

ዲና «እጁን አይተህ ነበር?» አለችው።

«ጀሪካኑን ሲያቀብለኝ ጥቁር ነበር። ዓይኔ አይቷል። ልቤ ግን እንቅልፍ ላይ ነበር።»

«አንገቴ ላይ የቀረው ቀለም ከየት እንደመጣ አውቄዋለሁ» አለ አለምብርሃን ወለሉን እያየ። «ባቡሩን የሳብኩ ጊዜ አይደለም፤ በኋላ ነው። አውቄም ቆለፍኩበት።»

ኒቆዲሞስን ማንም አልጠየቀውም። እሱ ግን ተነሣ። «እነ አለምብርሃን መንገድ ላይ አይሻ ጣቢያ ሲደርሱ ተቀያሪ ነጂ ላክልን ብለው ሁለት ጊዜ ለምነውኛል። ‹ድሬ ትደርሳላችሁ፣ ቻሉት› አልኳቸው። የሣህሉ ሬዲዮ ባትሪው አልቆ እንደማይሰማኝም አውቅ ነበር። ‹ሳብ› ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ተሻለች ማስታወሻዋን ዲና ፊት ዘረጋች። «እዚህ ላይ እኔም አለሁበት» ብላ የትናንቱን ቃል ሰረዘችው።

«ጨርቁን ስጪኝ» አለች ዲና።

«ማስረጃ ነው፣ የኔ እህት። አልችልም።»

«እንግዲያው ሰቅሎት ነበር ብለሽ ጻፊ።»

ተሻለች ጻፈች። ዲና ሁለት ጊዜ አንብባው ወደ ቀብሩ ወጣች። አንድ ፖሊስ ቦናን ይዞት ሲሄድ አለምብርሃንና ኒቆዲሞስ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ሬሳውን እንሸከም ብለው ዲናን ሊጠይቋት ፈልገው ነበር፤ አልደፈሩም።