በጧፍ ሰም የበየድኳት መቅረጫ

እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ ሰው «ቤቴ ውስጥ ኮቴ ሰማሁ» ሲለኝ «አይጥ ይሆናል፣ ድመት አሳድግ» ብዬ የማሾፍ ሰው ነበርኩ፣ ከአዳማ ለሥራ ባሕር ዳር ከመጣሁ ስምንት ዓመቴ ነው፣ በእነዚህ ዓመታት ስለ ጣና ያልተነገረኝ ጉድ የለም፣ አንዱንም አላመንኩም። ይሄኛውን ግን በገዛ ጀርባዬ ነው የተቀበልኩት፣ እመነኝ ወዳጄ።

ባለቤቴ ማስተዋል የጣና ዳሯ የቁንዝላ ልጅ ናት። አባቷ መሪጌታ ነበሩ፣ የዜማ መምህር፣ ከመሞታቸው በፊት ያዜሙትን በእጅ በምትያዝ ትንሽ መቅረጫ ቀድታ አስቀርታለች፣ ሌላ ቅጂ የለም፣ ድምፃቸው ያለው እዚያችው መቅረጫ ቦርድ ላይ ብቻ ነው። አንድ ቀን መቅረጫዋ ቻርጅ አልቀበልም አለች። ሹም አቦ ሰፈር ያለው የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ «መሰኪያዋ ተነቅሏል፣ ማክሰኞ አምጣት» ቢለኝም እኔ ሁለት ቪዲዮ አየሁና መበየጃ ካውያ ገዛሁ። ማስተዋል «ተው አንተ፣ ያባቴን ድምፅ እንዳታጠፋብኝ» ስትለኝ «ለአንዲት ነጥብ የብየዳ እርሳስ ነው ይሄ ሁሉ?» ብዬ ሳቅሁባት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ!

ቅዳሜ ከሰዓት እሷ ገበያ እንደወጣች ጀመርኩ። እርሳሱ አልይዝ አለ፣ እየተንከባለለ ይወድቃል። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው ሰም የመሰለ ነገር ሲቀባ አይቻለሁ፣ ዞር ብዬ ሳይ ቁም ሳጥኑ ላይ ለአባቷ ሙት ዓመት የተገዛው ጧፍ ተቀምጧል። ሰም ያው ሰም ነው ብዬ ከጫፉ ቆረስኩና ቦርዱ ላይ አቀለጥኩት። የካህን ልጅ ብሆን ኖሮ አልነካውም ነበር፣ ለሙት የታሰበ ጧፍ ለሌላ ነገር አይሆንም።

ሰሙ ጨሰ፣ እኔም ካውያውን ይበልጥ ተጫንኩት፣ የመዳቧ መስመር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተላጣ መጣች፣ አጠገቧ ያለችው ቺፕም ተሰነጠቀች። ካውያውን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ባትሪው ለብቻው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ይህን ልብ በልልኝ።

መጀመሪያ ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ሰማሁ። ከዚያ ዜማ፣ አንድ መስመር፣ ቀስ ብሎ። ዝም አለ። ቀጥሎ «ድገም!»

የጎረቤት ሬዲዮ ይሆናል ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ። «ድገም!» ድምፁ የአማቴ ነው፣ በሕይወት ሳሉ ግን እንዲህ ሲቆጡ ሰምቼ አላውቅም። «አባባ፣ አላውቀውም እኮ» አልኩ፣ የሒሳብ መምህሩ ለተቃጠለ ቦርድ ሲመልስ አስበው! ተናግሬ ሳልጨርስ አለንጋ ሲያፏጭ ሰማሁ፣ ጀርባዬ ላይም አረፈ፣ ሸሚዜ ተቀደደ። ብዞር ማንም የለም። ዜማው እንደገና ጀመረ፣ ልከተል ሞከርኩ፣ ተሳሳትኩ፣ ሁለተኛው ምት ጆሮዬን ሰነጠቀው፣ ሦስተኛው ከወንበሬ ሲጥለኝ አፍንጫዬ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላተመ፣ ደም በደም ሆንኩ። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ተኮራምቼ ጭንቅላቴን በእጄ ሸፍኜ ከመጮህ በቀር ያደረግኩት የለም።

የበሩ ቁልፍ ሲዞር ቆመ። ማስተዋል ዘንቢሏን ለቀቀችው።

«ማነው የደበደበህ?»

«አባትሽ» አልኳት፣ እያለቀስኩ ነበር፣ አላፍርም። የሆነውን ሁሉ፣ ጧፉንም ጭምር ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ መቅረጫዋን አንስታ ታገላብጣት ጀመር።

«ድገም አሉህ?»

«አዎ።»

«እኔ የቀዳሁት ላይ ድገም የሚል የለም፣ ብቻቸውን ነበር ያዜሙት። ድገም የሚሉት ተማሪ ሲያስተምሩ ነው። እኔን ሴት ነሽ ብለው አንድ ቀን እንኳ አላስተማሩኝም።»

ማክሰኞ ጠጋኙ «ይቺማ ሞታለች» አለኝ። ልጥላት ስል ማስተዋል ነጠቀችኝ። አሁን ከሥራ ስትመለስ መቅረጫዋን ይዛ ጓዳ ትገባና በሩን ትቀረቅራለች። እኔ የምሰማው የእሷን ድምፅ ብቻ ነው፣ አንድ መስመር ታዜማለች፣ ታቆማለች፣ ትጮሃለች፣ ደግማ ታዜማለች። በሩን ብደበድብ «እንዳትገባ!» ትለኛለች።

ትናንት ልብሷን ስትቀይር ጀርባዋን አየሁት፣ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ሰንበር ነው፣ አንዳንዱ ገና ደም ያቆረ። «ማስተዋል፣ መቅረጫዋን ሐይቅ ውስጥ እንጣላት፣ ይገድሉሻል» ብዬ እግሯ ላይ ወደቅኩ። እሷ ቀሚሷን ቀስ ብላ ወደ ትከሻዋ ሳበችና ፊቷ በርቶ፣

«ዛሬ ሁለት መስመር ያዝሁ» አለችኝ።