ብራምስዌል ሲፈርስ

«ጓሮ በር ላይ ማነው?»

«ማንም። እንቁላል ሻጯ ናት።»

ይህን ሲባባሉ የሰማው ጎድቦልድ፣ ያኔ የእንቁላል ሻጯ እናቱን ቀሚስ የያዘ ሕፃን፣ ዛሬ የፖሊስ ኢንስፔክተር ነው። የተናጋሪዎቹን ፊት ረስቶታል። እ.ኤ.አ. በ1953 ያንኑ የጌቶች ቤት፣ ብራምስዌልን፣ በፊት ለፊት ገባ፤ በሩ ተሸጧል። በእንግሊዝ አገር በሰፎክ የጌቶች ቤት እንደ በሰበሰ ጥርስ የሚነቀልበት ጊዜ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የጠፋው ሽማግሌው የአሽከሮች አለቃ ቲልት ሳሎን ውስጥ የጣሪያ ልስን ተከምሮበት ሞቶ ተገኝቷል።

የቤቱ ጌታ ሰር ኦስበርት ወደ አፍራሾቹ አለቃ ወደ ካችፖል ጠቆመ። «ይኸ ባለጌ ጣሪያውን አንጠልጥሎ ትቶ ሰው ገደለ! እሰረው!»

«ጣሪያውን ረቡዕ ዕለት ራሴ አውርጄዋለሁ፣ ጌታዬ» አለ ካችፖል። «ከታሰርኩ ልጆቼን ማን ያበላል?»

ጎድቦልድ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ ሟቹ በልቡ ጸለየ። ማንም አልጸለየለትም ነበር። ከዚያ ሬሳውን ቀና አደረገ፤ ከሥሩ ያለው ወለል በልስን አቧራ ተሸፍኗል።

«ሰር ኦስበርት፣ ሐሙስ እዚህ ነበሩ?»

«መጥቼ እዚሁ ሳሎን የመጥሪያውን ደወል ሦስት ጊዜ ጎተትኩ። ቲልት አልመጣም፤ ሄድኩ።»

«ራስዎ አልፈለጉትም?»

«እኔ? አሽከር ፍለጋ?»

ጎድቦልድ ካችፖልን ለብቻው ወሰደው። «ቤት ስታፈርሱ መጀመሪያ የምታወጡት ምንድን ነው?»

«ብረታ ብረቱን ነዋ! የጣሪያውን እርሳስ፣ የደወሉን ሽቦ። ባለፈው ሰኞ የደወሉ መጎተቻ ሳይቀር ተነቅሎ ተጭኗል።»

በማግስቱ ጎድቦልድ ካችፖልን፣ ሰር ኦስበርትንና እህቱን ሚስ ሂልዳን ጣሪያ አልባው ሳሎን ውስጥ ሰበሰበ። ሰር ኦስበርት መቀመጫ ፈልጎ አጣ።

«ደወሉን ይጎትቱልኝ እስቲ፣ ጌታዬ።»

እጁ በልማድ ወደ ምድጃው ጎን ተዘረጋ። ግድግዳው ላይ ቀዳዳ ብቻ ነበር።

«ሐሙስም አልነበረም» አለ ጎድቦልድ። «ዕድሜዎን ሙሉ ሲጎትቱ ሰው ይመጣል፤ በምን እንደሚሠራ አስበው አያውቁም። አቧራው ከሬሳው ሥር ነው፤ እንግዲህ ጣሪያው የወደቀው ከቲልት በፊት ነው። ልስኑን በእጅ የከመረበት ሰው አለ። እርስዎ የማፍረሻ ፈቃድ ለማግኘት ለአውራጃው ሹሞች ‹እንጨቱ ነቅዟል› ብለው ዋሽተዋል። ሹሞቹ እንደነገሩኝ፣ ቲልት ዓርብ ሄዶ ‹እንጨቱ ጤነኛ ነው› ሊላቸው ነበር።»

«በአሽከር ወሬ እኔን!»

«ሚስ ሂልዳ፣ ወንድምዎ ሐሙስ ከዚህ ወደ እናንተ ቤት ለሻይ ሲመለስ ኮቱ እንዴት ነበር?»

«ሂልዳ! ዝም በይ!»

ሚስ ሂልዳ ቆብ የሚያሻሹትን የካችፖልን እጆች ረጅም ጊዜ አየች።

«እስከ ክርኑ ነጭ ነበር» አለች። «ያራገፍኩለት እኔ ነኝ።»

«ዳኛው ፊት ይደግሙታል?»

ጓንቷን አወለቀች። «ወረቀቱን ያምጡ፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ዳኛው ፊትም እደግመዋለሁ።»