ጭረት የማይዝ ጣውላ

ያ በጋ ክፉ ነበር። በልጉ ቀረ፤ አቧራው ግን አልቀረም። ሰብሉ ከነእሸቱ ደረቀ። ትንፋሽ አጥሯቸው የሞቱም ነበሩ። ከተማዋ በመስተዋት ክዳኗ ስር በሮቿን ዘግታ አየሯን በልክ ታድል ጀመር።

አናጺው አብተው በዚያ በጋ ለትምህርት ቤቱ የጠረጴዛ ገጽ እንዲመርጥ ታዘዘ። ፎርማይካውን አሽትቶ ተወው፤ ሙጫው በተዘጋ ክፍል ይከረፋል። ዋንዛውን በሰም አሽቶ በብርሃን አየው፤ ወደደው። ግን ያለው ዋንዛ ለራሱ ሬሳ ሣጥን ያስቀመጠው ብቻ ነበር። የቀረው ሕያው ጣውላ ነው፤ በገንዳ የሚበቅል፣ ሲጫር ቁስሉን ራሱ የሚጠግን እንጨት። ለሙከራ የአንድ ክፍል ጠረጴዛዎችን በእሱ አለበሰ።

ሙከራውን ሊያይ ሲገባ መምህርቷ እትዬ ውዳላት ተቀምጠው ነበር። በልጅነቱ፣ በሌላ አቧራ፣ ጭንብላቸውን ለእሱ አጥልቀው የራሳቸውን ሳንባ የጎዱ ሴት ናቸው።

"ባለዕዳዬ መጣ!" አሉ። "ዛሬም ባዶ እጅህን?" ሳቃቸውን ሳል ቆረጠው።

ልጆቹ ያዛጋሉ። አብተው ግድግዳውን አየ። የአየር መለኪያው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ወርዷል። ከኋላው በሩ ተቆለፈ። አየር ያነሰው ክፍል የጎረቤቱን እንዳይስብ በራሱ ይቆለፋል፤ አየሩ ካልተመለሰ አይከፈትም።

"ምን ስትሠሩ ነበር?"

"ስማችንን በምላጭ እንጽፋለን" አለች አንዷ። "ይጠፋል። ደግመን እንጽፋለን። ገመቹ ነው የጀመረው!"

"ውሸታም! አንቺ ነሽ!"

አብተው እጁን በጭረቶቹ ላይ ዘረጋ። ጣውላው አየር ወደ ውስጥ ሲስብ መዳፉን ቀዘቀዘው። ቁስሉን የሚጠግነው በልጆቹ ትንፋሽ ነበር።

እትዬ ውዳላት ከወንበሩ ተንሸራተው ወደቁ። አብተው ለአቧራው የያዘውን፣ የራሱ አየር ያለውን ጭንብል ፈትቶ አጠለቀላቸው። ገፉት።

"ለልጆቹ..."

"ልጆቹ ገና ቆመዋል። እርስዎ ወድቀዋል። ዝም ብለው ይተንፍሱ!"

ከኪሱ ሰሙን አውጥቶ ቆራርሶ አደለ። "ጭረቱን ድፈኑ! አፉን ዝጉበት!"

ልጆቹ አሹ። መለኪያው ቀይ ነካ። አብተው ተንበርክኮ ማሸቱን ቀጠለ። መለኪያው ቆመ። ቆይቶ ወደ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። በሩ ቀጭ ብሎ ተከፈተ።

አቧራው ሳያባራ የአብተው ዋንዛ በክፍሉ ጠረጴዛዎች ላይ ተመታ። እትዬ ውዳላት መጥተው ዳበሱት።

"ይሄ እኮ ጭረት ይዞ ይቀራል።"

"ይያዝ። ቁስሉን የሚደብቀው ነው ትንፋሻችንን የወሰደው።"

"አንተስ በምን ልትቀበር?"

"አፈር ያንሰኛል?"

እትዬ ውዳላት ከገመቹ ምላጭ ተቀበሉ። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የአብተውን ስም ቀስ ብለው ቀረጹ።

"ትንፋሼን ተቀብያለሁ" አሉ። "ከዛሬ ወዲያ ባለዕዳዬ አልልህም።"