ሃያ አንድ ቃላት

«ሃያኛው?»

«አምብሬላ፣» አሉ አጎቷ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው።

ቻርጀር ፊደላቱን በላፕቶፑ ላይ ጻፈች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ ቦርሳዋ ውስጥ የማይገኝ የገመድ ዓይነት የለም። የዘመድም የጎረቤትም ስልክ ሲበላሽ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ዛሬ ጠዋት የመጨረሻውን ፈተና ጨርሳ፣ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር ከእሷና ከእናቷ ጋር የሚኖሩት አጎቷ የጠሯት። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ ስላልጠገበች ዓይኗን ይቆረቁራታል። እንደምንም ጨርሳ መተኛት ነው ያማራት።

አጎቷ ንድፍ ሠሪ ናቸው። ለሩቅ ደንበኞች ቤት ሲነድፉ ኖረው፣ የሚከፈላቸውን ዲጂታል ገንዘብ ሳይነኩት አስቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ከታመመ ወዲህ እርሳስ መያዝ አቅቷቸዋል፤ ገንዘቡንም ለእጃቸው ሕክምና ፈልገውታል። የገንዘቡ ቁልፍ ያለው አውራ ጣት በምታክል፣ «ዋሌት» በምትባል መሣሪያ ውስጥ ነው። ዋሌቷ ግን ያለ ፕሮግራሟ አትሠራም፤ የድሮው ኮምፒውተራቸውም ሞቷል። ስለዚህ ፕሮግራሙ በቻርጀር ላፕቶፕ ላይ መጫን ነበረበት። የማውረጃውን ሊንክ የላከላት «ሃከሩ» የሚሉት የክፍሏ ልጅ ነው። «እኔ ራሴ ጭኜዋለሁ፣ አይዞሽ» ብሏታል።

ፕሮግራሙ እንደተከፈተ፣ ዋሌቷ ብትጠፋ ገንዘቡን የሚያስመልሱትን፣ አጎቷ ወረቀት ላይ ጽፈው የያዟቸውን ሃያ አራት የምስጢር ቃላት ጠየቀ። ያኔ አጎቷ ግራ ገብቷቸው ነበር።

«በፊት እኮ ይህን አይጠይቅም ነበር።»

«አዲሱ ስለሆነ ነው፣ ጋሼ።»

እሳቸውም አመኗት።

«ሃያ አንደኛው ካንጋሩ ነው፣» አሉ አሁን፣ ፈገግ ብለው። «እስቲ ካንጋሩ እኔ ገንዘብ ላይ ምን ይሠራል?»

ቻርጀር ሳቀች፤ ጻፈች፤ እጇን ወደ ጠረጴዛው ጥግ ስትዘረጋ ዋሌቷን ለመሰካት ያዘጋጀችውን ገመድ ነካችው። እንደተጠቀለለ ነው። ዋሌቷም ሳጥኗ ውስጥ ናት። ከዋሌቷ ጋር እንዲነጋገር የተሠራ ፕሮግራም እንዴት እስካሁን አንድ ጊዜ እንኳ ሰክተሽ አሳዪኝ አላለም?

«ቀጣዩ፣» አሉ አጎቷ።

«ቆይ ጋሼ፤ ትንሽ ይረፉ።»

የላፕቶፑን ኢንተርኔት አጥፍታ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ሃከሩ ጋ ደወለች።

«አንተ ራስህ ጭነኸዋል?»

«ማለቴ... አንድ ግሩፕ ላይ ነው ያገኘሁት። ግን ብዙ ሰው ላይክ አድርጎታል።»

«ዋሌት አለህ?»

«ኧረ ከየት አባቴ?»

ስልኩን ዘጋችው። ለመናደድም አቅም አልነበራትም።

ስትመለስ አጎቷ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ፕሮግራሙን አጠፋችው። የራሷን ላፕቶፕ ስላላመነችው የእናቷን ከቁም ሳጥኑ አወጣች፤ በዋሌቷ ሳጥን ላይ የታተመውን የድረ ገጽ አድራሻ ፊደል በፊደል ጻፈች። ፕሮግራሙ እየተንቀራፈፈ ወረደ። የመጀመሪያው ገመድ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሆነ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው የዋሌቷ ትንሽ ስክሪን በራ። አጎቷን ቀሰቀሰቻቸው፤ እሳቸውም የይለፍ ቁጥራቸውን በግራ እጃቸው አስገቡ። ፕሮግራሙ ዋሌቷን አወቃት፤ ገንዘቡም እንዳለ ታየ። ስለ ቃላቱ አንድም ነገር አልጠየቀም።

«ተባረኪ የኔ ልጅ፣» አሉና ተመልሰው አንቀላፉ።

ቻርጀር የሠሪዎቹን መመሪያ አነበበች። ቃላቱ ኮምፒውተር ላይ ከተጻፉ እንደተሰረቁ ቁጠራቸው፣ ገንዘቡንም ፈጥነህ አዲስ ቃላት ወዳለው ሌላ ዋሌት አዛውር ይላል። እሷ የጻፈችው ሃያ አንዱን ነው። የቀሩትን ሦስት ማሽን ገምቶ ሊደርስባቸው ይችላል።

ሁሉም ነገር በቦታው ነበር። ዝም ብትል ምንም ላይፈጠር ይችላል። ጫማዋን አውልቃ፣ አልጋዋ ላይ ተዘርራ እስከ ማታ ልትተኛ ትችላለች። ከተናገረች ግን ሁሉም ከሀ ይጀመራል፤ ደግሞም «አዲሱ ስለሆነ ነው» ያለችው ሳታውቅ እንደሆነ ማመን አለባት።

ወንበሯን ጎትታ አጠገባቸው ተቀመጠችና ትከሻቸውን ነካ አደረገች።

«ጋሼ፣ ቅድም ‹በፊት አይጠይቅም ነበር› ሲሉኝ የመለስኩልዎ ከራሴ ነው። አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ፕሮግራም የውሸት ነው።»

አጎቷ ወረቀቱን ተመለከቱ፤ ከዚያ እሷን።

«ስንተኛው ላይ ነው ያቆምነው?»

«ካንጋሩ ላይ።»

ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ደክሞሻል አይደል?»

«አዎ።»

«እኔም ደክሞኛል።» ፊታቸውን በግራ እጃቸው አበሱ። «መሳቢያው ውስጥ ያልተከፈተ ሁለተኛ ዋሌት አለኝ። አምጪው፤ ወረቀትና እስክሪብቶም ጭምር።»

አዲሱን ዋሌት ሰካችና አዳዲሶቹን ቃላት የሚያሳየውን ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞረችው። «እኔ ልጻፍልዎ?» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ተወችው። እስክሪብቶውን በግራ እጃቸው አስያዘቻቸውና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። አጎቷ ፊደሉን አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው ጻፉ። «ቀጥይ» ባሏት ቁጥር እሷ ዞር ሳትል የዋሌቱን ቁልፍ ትጫናለች።