ግማሽ ማርክ

«ሁለቱንም ዓመት እዚሁ ስትማር ነበር እንላለን፤ አለቀ!» አሉ ወይዘሮ አባይነሽ፣ ወንበራቸውን ወደ ማራገቢያው እያስጠጉ። «ደግሞስ ምኑ ነው ውሸቱ? ልጅቱ እንደሆነ ተምራለች። ቦታው ነው የተለወጠው።»

መቅደላዊት እናቷን የሺአረግን በጎን አየቻት።  ወይዘሮ አባይነሽ የትምህርት ቤቱ ምክትል ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ድሮ ከየሺአረግ ጋር ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች ያስተምሩ ነበር። ክፋት የለባቸውም። የጓደኛቸው ልጅ ከእኩዮቿ እንዳትቀር ብለው ነው።

«እውነቱን ከተናገርሽ» ቀጠሉ «ካቋረጠችበት ትጀምር ነው የሚሉሽ። ሰባተኛ! ጓደኞቿ የስምንተኛን ፈተና ሲወስዱ እሷ ከሕፃናት ጋር ልትቀመጥ ነው? ርዕሰ መምህሩ አዲስ ናቸው፤ መዝገቡን ለእኔ ተይው። የሺ ሙች፣ ነገ እሳቸው ፊት አንዲት ቃል በቂ ናት።»

«እስቲ እንደርበት» ብላ የሺአረግ ተነሳች።

መቅደላዊትን ገረማት። እናቷ በእንዲህ ያለ ነገር የምታድርበት ሰው አልነበረችም። ከሁለት ዓመት በፊት፣ መቅደላዊት ስድስተኛን በጨረሰችበት ሰሞን፣ እናቷ ፈተና ስትቆጣጠር ልጆቹ መልስ ሲቀባበሉ አይታ ብትናገር፣ ባልደረቦቿ «አንቺ ደግሞ አታካብጂ፤ ይለፉበት» አሏት። በሳምንቱ ሥራዋን ለቀቀች፤ «ልጄንም ሐሰት አላስለምዳትም» ብላ መቅደላዊትን ይዛት ወጣች። ራቅ ብሎ ጎግ ወረዳ ጤና ጣቢያ የሚሠራው አባቷ ተሰማ በስልክ «ካመንሽበት እግዜር ይርዳሽ» አለ።

ከዚያ ወዲህ ክፍላቸው የግቢው ማንጎ ጥላ ሆነ። ትምህርቱ በአባታችን ሆይ ይከፈታል። ፀሐይዋ ጥላውን ስትነጥቃቸው ያበቃል። አንድ ጥብቅ ሕግም አለው፤ ያላወቁትን መገመት ክልክል ነው። «አላውቅም» ብሎ የጻፈ ግማሽ ማርክ ያገኛል። «ያላወቀ ይማራል፤ ያወቀ የመሰለው ግን በሩን ዘግቷል» ትላለች የሺአረግ። መቅደላዊት መጀመሪያ አካባቢ ገና ጥያቄውን ሳታነብ «አላውቅም» እየጻፈች ማርክ ስትሰበስብ ከርማ፣ ተነቅቶባት ቁጣ ቀምሳለች። የስምንተኛ ፈተና ግን በትምህርት ቤት ካልሆነ አይሰጥም፤ ወደ ወይዘሮ አባይነሽ የመጡትም ለዚሁ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መቅደላዊት ከጓደኛዋ ከኛይየን ጋር ባሮ ድልድይ ላይ ቆመች። ሙቀቱ ገና አልበረደም። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ከመብራት እንጨቱ ላይ ሆነው እንደ ሽማግሌ ቁልቁል ያያሉ።

«አቦ ምን ያስጨንቃል?» አለች ኛይየን። «አስተማሪሽ እናትሽ፣ ዳይሬክተርሽ እናትሽ፣ ዘበኛሽ እናትሽ! ከክፍል ብትባረሪ የት ትሄጃለሽ? ነይ በቃ፣ ከእኛ ጋር ተፈተኚ።»

መቅደላዊት ሳቀች። «ሰባተኛ ብገባስ?»

«ከወንድሜ ከኮት ጋር? ሼም ነው! ያ ልጅ እኮ ገና ጥርሱን እየቀየረ ነው።» ኛይየን ቀልዷን ትታ ወደ ውሃው አየች። «ዘጠነኛ አብረን ነው ያልነው። እኔ ብቻዬን አልወድም።»

መቅደላዊትም ብቻዋን አትወድም። ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቃት የክፍል ጫጫታና ከጎኗ ተቀምጦ ክርኗን የሚነካ ሰው ነበር። ያ ሁሉ አሁን በእናቷ አንዲት ቃል ይመለሳል።

በማግስቱ ጠዋት የሺአረግ ነጠላዋን ደርባ ማንጎው ሥር ተቀመጠች። እንደ ወትሮው ለጸሎት እጆቿን ዘረጋች። ከንፈሯ ግን አልተንቀሳቀሰም። ውጭ ባጃጅ አለፈ። «ረፍዷል፤ እንሂድ» ብላ ብድግ አለች።

ሁለቱንም ወባ ጥሏቸው በነበረ ጊዜ እንኳ ተኝተው ጸልየዋል። መቅደላዊት መንገዱን ሁሉ ይህንን እያሰበች ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ልጅቱ የት ነበር የምትማረው?» ሲሉ ጠየቁ። ወይዘሮ አባይነሽ በዓይናቸው የሺአረግን ገፋ አደረጓት።

«እሷማ...» አለች የሺአረግ፣ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ እየጠመጠመች። «እሷማ እዚሁ...»

ሰሌዳ ፊት ቆሞ መልሱ የጠፋበት ልጅ ድምፅ ነበር። መቅደላዊት ከእናቷ አፍ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም።

«ቤት ነው የተማርኩት» አለች። «እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ሰባተኛ እገባለሁ።»

 ወይዘሮ አባይነሽ «ወይ ጉድ!» ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና «በይ እንግዲህ፤ ሰኞ፣ በዩኒፎርም» አሉ።

እናትና ልጅ ወጥተው ወደ ቤት አቀኑ። የኒሙ ዛፍ ጋ ሲደርሱ የሺአረግ «እንደዚያ ስታለቅሺ አድረሽ» አለች። «ሰምቼሽ ነበር እኮ። ታዲያ ለምን እንዲህ አደረግሽ?»

መቅደላዊት ስላልተጸለየው ጸሎት ልትነግራት ፈለገች። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አልነበረችም።

«አላውቅም» አለች።

የሺአረግ ቆመች። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«ግማሽ ማርክ» አለች።

ከኛይየን ቤት ደጃፍ ላይ ኮት ብቻውን ኳስ ያነጥራል። መቅደላዊት ከእናቷ ተነጥላ ወደ እሱ ሄደች።

«ኮት፣ ሰኞ ክፍላችሁ ውስጥ ቦታ ያዝልኝ።»

ልጁ ኳሱን አቅፎ ሽቅብ አያት። «ክፍት ያለው የፊተኛው ወንበር ብቻ ነው። ሁሉም ያይሻል።»

«ይሁን» አለች። «እሱኑ ያዝልኝ።»